«ደረጃ 3» በተባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ልዩ ክፍል ማን ይመዝናል?

ጥያቄ፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልዩ ክፍል መማር ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ክፍሉ ውስጥ ከ7 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 14 ልጆች ከአንዲት መምህርት ጋር ይውላሉ። ደብተሩን ስከፍት ዛሬም በነጠብጣብ የተጻፈ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ላይ ነው የሚደግመው፤ ሱቅ ስልከው ግን ዳቦ ገዝቶ መልሱን ሳያጓድል ይመጣል። ርዕሰ መምህሩን ሳነጋግራቸው ‹ትምህርት ቤታችን በኢንስፔክሽን ደረጃ 3 አግኝቷል፤ የምንሠራው መንግሥት መዝኖ ያረጋገጠውን ነው› አሉኝ። ለመሆኑ ልዩ ክፍሉን የሚመዝነው ማን ነው? ለትምህርት ሚኒስቴር ልጻፍ ወይስ ልጄን ወደ ግል ማዕከል ልውሰደው?»

ምላሽ፦ ርዕሰ መምህሩ የነገሩዎት ስለ ትምህርት ቤቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ልጅዎ ክፍል ግን የሚነግረን ነገር የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣውና ትምህርት ቤቶቻችን በደረጃ እንዲጠሩ ያደረገው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ አንድን ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ስታንዳርዶቹ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ ሲሆን ክብደታቸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው 25፣ 35 እና 40 በመቶ ነው። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ 50 ሞልቶ 70 ያልደረሰ ደረጃ 2፣ 70 ሞልቶ 90 ያልደረሰ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ልብ ይበሉ፤ ደረጃው የሚሰጠው ለግቢው በሙሉ ነው፤ ለልዩ ክፍሉ ተለይቶ የሚጻፍ ደረጃ የለም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይሻላል። መዛኞቹ በትምህርት ቤቱ 20 የክፍል ምልከታ አደረጉ፣ ከ20ዎቹም አንዱ የልጅዎ ክፍል ነበር እንበል። የሂደቱ 35 ነጥብ ሙሉ በሙሉ በክፍል ምልከታ የሚወሰን አድርገን ብንወስደው እንኳ (በእርግጥ የአመራሩ፣ የዕቅዱና የወላጅ ተሳትፎውም ነጥብ እዚያው ውስጥ ነው) ልዩ ክፍሉ ዜሮ ቢያገኝ ከጠቅላላው ድምር የሚያጎድለው ከ1.75 ነጥብ አይበልጥም። 74 ያገኝ የነበረ ትምህርት ቤት 72.25 ያገኛል፤ ያው ደረጃ 3 ነው። በአንጻሩ የልዩ ክፍሉ ማስተማር እጅግ ግሩም ቢሆንም ደረጃውን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ አንድ ርዕሰ መምህር ደረጃውን ለማሻሻል ጊዜውንና ገንዘቡን የት ያውል ብሎ ሲያስብ ልዩ ክፍሉ ወደ መጨረሻው ቢገፋ የሰውየው ክፋት ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል፤ መለኪያው ራሱ ወደዚያ ይመራዋል።

ከሁሉ የከበደው ክፍተት 40 በመቶ በያዘው የውጤት ክፍል ላይ ነው። የትምህርት ቤት ውጤት በዋናነት የሚታየው ከክፍል ወደ ክፍል በተዘዋወሩ፣ ባቋረጡና በፈተና ባለፉ ተማሪዎች ብዛት ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው የልዩ ክፍል ልጆች ብዙውን ጊዜ የክልል ፈተና አይቀመጡም፤ ከክፍል ወደ ክፍል የመዘዋወር ሥርዓትም አይሠራላቸውም። ስለዚህ ቢማሩም ባይማሩም ስሌቱ አይነካም። ልጅዎ አራት ዓመት ሙሉ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ላይ ሲቆም የትምህርት ቤቱ የውጤት አሀዝ አንድም ቦታ ላይ አልወረደም። ለጥያቄዎ የማይመች ግን ትክክለኛ መልስ ይህ ነው፤ የልጅዎን ክፍል መኖሩን የሚቆጥር አለ፣ ልጆቹ መራመዳቸውን የሚለካ ግን እስካሁን በአግባቡ አልተደራጀም።

ይህን የምጽፈው ከውጭ ሆኜ በመታዘብ ብቻ አይደለም። በምዘና ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ ቅጹ ላይ «የድጋፍ መስጫ ክፍል አለ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። ክፍሉን ልይ አልኩ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ሠራተኛው ዘንድ ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ ፈቃድ ላይ ናቸው ተባለ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል፤ ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳዎችና መውጊያዎቻቸው ከመጡበት ላስቲክ ሳይወጡ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። በዚያ ግቢ ሁለት ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በጓደኛ ንባብ ነበር የሚያጠኑት። ቅጹ የሚጠይቀው መኖሩን ስለነበረ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አስተያየት መስጫው ላይ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ፤ ነጥቡ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። ለርዕሰ መምህሩ «መንግሥት ያረጋገጠው» የሚያሰኘው እንዲህ ያለው ምልክት ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ሌላ መደባለቅ ስላለ እሱን ላጥራ። ወላጆች ከቢሮ የመጣ ሰው ሁሉ «ተቆጣጣሪ» ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን ቢያንስ ሦስት ነው። ኢንስፔክሽን መጥቶ ይመዝናል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ይሄዳል፤ በየዓመቱም አይመለስም። ሱፐርቪዥን ድጋፍ ነው፤ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ በቅርብ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን ይዞ በተደጋጋሚ እየተመላለሰ መምህራንን ያግዛል፣ ግብረ መልስ ይሰጣል፣ ግብረ መልሱም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሦስተኛው የዓመታዊ የትምህርት መረጃ ስብሰባ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ጾታና በየትኛው የጉዳት ዓይነት እንዳሉት ቅጽ ሞልቶ ወደ ላይ ይልካል። ለልጅዎ ጉዳይ በጣም የሚጠቅምዎ ብዙ ወላጅ ስሙን እንኳ የማያውቀው ሁለተኛው ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ ልጅዎን አያውቀውም፤ የመረጃ ባለሙያው ልጅዎን አንድ ቁጥር አድርጎ ነው የሚያየው፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ደብተሩን ሊገልጥ ይችላል።

ለትምህርት ሚኒስቴር መጻፍን በተመለከተ፣ አይድከሙ። ሚኒስቴሩ ፖሊሲ፣ ስታንዳርድና ስትራቴጂ ያወጣል፣ አገራዊ መረጃ ያጠናቅራል፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ መምህር የሚቀጥረውና በጀት የሚመድበው ግን ክልሉና ከሥሩ ያለው አስተዳደር ነው። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ስለሆነች የእርስዎ ጉዳይ መሰላሉ ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ በከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ በኩል እስከ ክልሉ ትምህርት ቢሮ ይደርሳል። አዲስ አበባ የሚላክ ደብዳቤ ብዙ ሳምንት ቆይቶ «ለሚመለከተው ክልል» በሚል ሸኚ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚሁ ነው።

የሕግ መሠረቱ ደካማ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጆች በአካል ጉዳታቸው ምክንያት ከአጠቃላዩ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለሉና ለየግላቸው የሚስማማ ድጋፍ እንዲያገኙ፣ አንቀጽ 33 ደግሞ መንግሥት የአፈጻጸም መከታተያ እንዲያቋቁም ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሆኖም ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን ድጋፍ ከአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ጋር አያይዞታል፤ ስለዚህ «ረዳት መምህር ይቀጠርልኝ» የሚለው ጥያቄ «በጀት የለም» በሚል መልስ ሊቆም ይችላል። «ለልጄ በጽሑፍ የተዘጋጀ ዕቅድ ይኑር፣ አፈጻጸሙም በየመንፈቀ ዓመቱ ይታይ» የሚለው ጥያቄ ግን የሚፈልገው ወረቀትና ሁለት ስብሰባ ስለሆነ በበጀት እጥረት ሊመለስ አይገባውም። ምክሬ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ቁጥጥሩ ለምን እንደዘገየ ለመረዳት ታሪኩን ትንሽ መለስ ብሎ ማየት ይረዳል። በአገራችን ዘመናዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት በሚሲዮኖች የተጀመረ ነው፤ በደምቢ ዶሎ ለዐይነ ስውራን የተከፈተው ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ትምህርቱ እንደ በጎ አድራጎት ይታይ ስለነበር ማንም «ምን ያህል ተማሩ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ለሚለግስ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ነውር ይመስላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆችን ጠቀሰ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ በኋላም ተሻሻለ። ጉዳዩ በፖሊሲ ደረጃ መብት ሆኗል፤ ግምገማው ግን በብዙ ቦታ አሁንም የልግስናውን ዘመን ጠባይ ይዟል፤ ልጁ ቤት ተዘግቶበት ከሚውል ትምህርት ቤት መምጣቱ በቂ ነው የሚል ጠባይ።

የሌሎች አገሮች ልምድም ቢሆን ይህን ችግር በቀላሉ አላለፈውም። አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት የሚያስገድድ ሕግ አላት፤ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤትም በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ግዛት በአራት እርከን ብያኔ ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ ይመዘን የነበረው ሰነዱ በጊዜው መሞላቱ፣ ቀጠሮው መጠበቁና ሥርዓቱ መከበሩ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ብዙ ግዛቶች ሥርዓቱን በሚገባ አሟልተው የልጆቹ የንባብና የሒሳብ ውጤት ዝቅ ብሎ መቅረቱ ስለታየ የልጆቹ ውጤት ራሱ በብያኔው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። እንግሊዝ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትምህርትና የጤና ተቆጣጣሪዎቿ በጋራ ሆነው አካባቢውን በሙሉ መመርመር ጀመሩ፤ ምክንያቱም የልጁ ጆሮ ሳይመረመር የቀረው በጤና ጣቢያው ሆኖ ሳለ ተጠያቂው ትምህርት ቤቱ ብቻ መሆኑ ትክክል አልነበረም። ይህን የማነሣው እነሱ ያላቸውን እኛ እንቅዳ ለማለት አይደለም፤ የነሱ ወረቀት ለእኛ ትምህርት ቤት ይከብዳል። ቅጽ መሙላትን መቁጠር ብቻውን ልጅን እንደማያስተምር ግን ገንዘብ በተረፋቸውም አገሮች ታይቷል።

ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ሲመዘግቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመኑት በመምህሩ ዐይን ነው፤ ስለዚህ በዊልቸር የሚመጣው ይቆጠራል፣ ከኋላ ተቀምጦ ግማሹን የማይሰማው ግን «ሰነፍ» ይባላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ላይ የሚሠራውና የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው ያዘጋጃቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ እንዲሁም መግባባት ላይ ልጁ ምን ያህል እንደሚቸገር በደረጃ ይጠይቃሉ። ለልጆች የተዘጋጀውና ከዩኒሴፍ ጋር የተሠራው ዝርዝር ደግሞ ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። የሁለቱም ጥቅም ልጁን በስያሜ ከመፈረጅ ይልቅ የሚችለውንና የሚቸግረውን መለየታቸው ነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተናገረው ዳቦው ነውና። ሱቅ ሄዶ ገዝቶ መልስ ሳያጓድል የሚመለስ ልጅ ብር ይለያል፣ መደመርና መቀነስን በተግባር ያውቃል፣ መልእክት ይዞ መንገድ ላይ አይዘነጋም። ለዚህ ልጅ የነጠብጣብ ፊደል ለአራት ዓመት የተሰጠው ችሎታው በሥርዓት ተለክቶ አለመሆኑ ግልጽ ነው። መምህርቲቱን ግን ለመክሰስ አይቸኩሉ። ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 14 ልጆች፣ ምናልባትም አንዱ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ሌላው ሽንት ቤት ይዘውት መሄድ ያለባቸው፣ ያለ ረዳት የያዘች መምህርት ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ ሥራ ብትመርጥ አይገርምም። ነጠብጣብ መከተል ዝም ያሰኛል።

ከማንኛውም ደብዳቤ በፊት ሁለት ነገሮችን ያድርጉ። መጀመሪያ ጆሮውንና ዐይኑን ሪፈራል ሆስፒታል ወስደው ያስመርምሩ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች፣ በተለይም ዳውን ሲንድረም ያለባቸው፣ በጆሮ ውስጥ ፈሳሽ በመጠራቀም ምክንያት መስማት የሚቸገሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ሳይሰማ የቀረ ትእዛዝ ሳይገባው እንደቀረ ይቆጠርበታል። ሁለተኛ፣ ችሎታው ሲለካ አፍ በፈታበት ቋንቋ መሆኑን ያረጋግጡ። በሐዋሳ ከአንድ ክፍል ውስጥ ቤታቸው ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች ይገኛሉ፤ በሁለተኛ ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ያልመለሰው መልሱን ባለማወቁ ነው ወይስ ቋንቋው ስላልገባው የሚለው ሳይለይ ስያሜ ሊለጠፍበት አይገባም። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ።

ከዚያ የሚጠይቁት የተናጠል የትምህርት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ አራት ነገር ግን ሊጎድለው አይገባም፦ ልጁ ዛሬ የሚችለው፣ እስከ ተወሰነ ቀን ሊደርስበት የታሰበው፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ መቼ እንደሚገመገም። «የንባብ ችሎታውን ማዳበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበት ዕቅድ ቢሰጥዎ በትሕትና ይመልሱት፤ እንዲህ ያለው ዕቅድ መፈጸሙም አለመፈጸሙም ሊታወቅ አይችልም። የሚገመገም ዕቅድ ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ፊደል አይለይም፤ የ5ና የ10 ብር ኖት ይለያል። እስከ ጥር መጨረሻ የራሱን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ እንዲሁም ‹መውጫ›፣ ‹ወንዶች›፣ ‹ዳቦ›፣ ‹አደገኛ› የሚሉትን ጨምሮ ከ10 ቃላት 7ቱን ያለ ረዳት ያነባል፤ እስከ 100 ብር ያለ ሒሳብ ላይ መልስ ይቆጥራል። መምህርቷ በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ለብቻው ታሠራዋለች፤ እናቱ ማታ ሱቅ ትልከዋለች፤ በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ይታያል።» የልዩ ክፍል ዓላማ ልጁን ወደ መደበኛ ክፍል ወይም ወደ ሥራ ክህሎት ማሸጋገር ስለሆነ ቢያንስ በስፖርት፣ በሥዕልና በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ከእኩዮቹ ጋር የሚቀላቀልበት ሰዓትም በዕቅዱ ይስፈር።

ጥያቄውን በቃል አያቅርቡ። በሁለት ኮፒ ጽፈው አንዱን ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስደርጉ። ለወላጅና መምህራን ኅብረት ሰብሳቢው አንድ ግልባጭ፣ ለክላስተር ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ግልባጭ ይላኩ፤ ሱፐርቫይዘሩ በሚቀጥለው ጉብኝታቸው ልዩ ክፍሉን እንዲያዩና ግብረ መልሳቸውን በመዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ ይጠይቁ። እንዲህ ሲሆን ቁጥጥሩ ራሱ አጀንዳ ያገኛል። ኢንስፔክተር በሚመጣበት ጊዜም በመዝገብ ላይ ያለውን የሱፐርቫይዘር አስተያየት ማየቱ ስለማይቀር ልዩ ክፍሉ ከምልክት ማድረጊያ ሣጥን ወጥቶ ማስረጃ ያለው ጉዳይ ይሆናል። ቢቻል ብቻዎን አይሂዱ። ከ14ቱ ልጆች የአምስቱ ወላጆች እንኳ አብረው ቢፈርሙ ጉዳዩ «የአንዲት እናት ቅሬታ» መባሉ ይቀራል፤ ከአምስት ልጆች ዕቅድ ላይ ተነሥቶም የረዳት መምህር ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ጊዜ አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በግንቦት መጨረሻ የሚቀርብ የቅጥር ጥያቄ በተዘጋ በር ላይ እንደማንኳኳት ነው፤ እስከ መጋቢት ወር ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ይድረስ።

ትምህርት ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ምንም ካላደረገ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋ፣ ቀጥሎም የከተማው ትምህርት መምሪያ ጋ በተመሳሳይ ሁኔታ በጽሑፍ ያመልክቱ። የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን ማየት ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ሪፖርቱ ሲደርስዎ ደረጃውን ትተው «ጠንካራ ጎን»፣ «ደካማ ጎን» ከሚሉት አርእስት ሥር ስለ ልዩ ፍላጎት የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። ከተገኘ ማስረጃዎ ነው፤ አንድም ቃል ካልተገኘ ባዶነቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀሩት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ናቸው፤ ሁለቱም ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አላቸው። እንባ ጠባቂ አስቀድመው ለሚመለከተው አስተዳደር ማመልከትዎን ስለሚጠይቅ እነዚያ ማኅተም ያረፈባቸው ኮፒዎች እዚህ ላይ ነው ዋጋቸው የሚታወቀው። ሁለቱም ተቋማት መርምረው የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ይወተውታሉ፤ በማግስቱ መምህር ቀጥረው ክፍል አያስገቡልዎም።

የግል ማዕከሉን በተመለከተ፣ «የግል» መሆኑ ከቁጥጥር ጥብቀት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ተቃራኒው ነው የሚያጋጥመው። አንዳንዱ ማዕከል ከትምህርት ቢሮ የትምህርት ቤት ፈቃድ አለው፤ አንዳንዱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው፤ ሌላው የሕክምና ወይም የቴራፒ አገልግሎት ሰጪ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት የትምህርት ኢንስፔክተር ጨርሶ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ቀርበው ያንብቡ፤ ማን ሰጠው፣ ለምን ሥራ፣ መቼ ታደሰ? ከዚያም የአንድ ነባር ልጅ ዕቅድ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ማሳየት ካልቻሉ በወር የሚከፍሉት ለተሻለ ግቢና ለቀለም ሥዕል ነው ማለት ነው። ሌላም አለ። ልጁ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲወጣ ከዓመታዊው ቆጠራም ይወጣል፤ 14 የነበረው 13 ሲሆን ለክፍሉ ረዳት የመጠየቂያው ምክንያት በዚያው መጠን ይሳሳል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ልጅዎን ከትምህርት ቤቱ አያስወጡ፣ ለሚኒስቴሩም አይጻፉ። በዚህ ሳምንት ጆሮውንና ዐይኑን ያስመርምሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የተናጠል ዕቅድ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ያስገቡ፣ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ሁለት መንፈቀ ዓመት ይስጡት። በሁለቱ የግምገማ ስብሰባዎች ላይ በዕቅዱ ከተጻፈው ግማሹ እንኳ ካልተነካ ማዕከል መፈለግ ምክንያታዊ ይሆናል፤ ያኔም አዲሱ ቦታ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ነው የሚሄዱት። አንድ ሁኔታ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ልጁ በክፍሉ ውስጥ እየተመታ፣ እየታሰረ ወይም ብቻውን እየተዘጋበት መሆኑን ካወቁ ዕቅድና መንፈቀ ዓመት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ያስወጡት፣ ለፖሊስና ለክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያመልክቱ።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ሲሄዱ የአራቱን ዓመት ደብተሮች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ ጠረጴዛው ላይ በየዓመታቸው ጎን ለጎን ይዘርጓቸው። ልጁንም ዳቦ ቤት ልከው መልሱን ቆጥሮ ሲያስረክብዎ በስልክዎ ይቅረጹና ከደብተሮቹ ቀጥሎ ያሳዩአቸው። ዕቅዱ ላይ «ዛሬ የሚችለው» በሚለው ቦታ የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር እሱ ይሁን።